ገበር ላይ የተጠለፈው ሰማይ

ታናሽ እህቴ ጎንደር የመጣችው በግንቦት፣ የግራ ጭኗ አጥንት ተሰብሮ ነው። ስምንት ዓመቷ ነበር። እናታችንን ተከትላ ወደ ገበያ ስትወርድ ከአህያ ላይ ወደቀች። አራት ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው መካነ ብርሃን አደረሷት፤ ከዚያ በመኪና እዚህ ድረስ መጣች።

ሆስፒታል ከወገቧ ጀምሮ እስከ ግራ እግሯ ጣቶች ድረስ ጀሶ ታሰረላት። ሐኪሙ ለእናቴ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነገራት። ሁለት ወር በጀርባዋ ትተኛለች። አትቀመጥም፣ አትቆምም፣ በመኪና አትንገላታም። ጀሶው ተሰብሮ አጥንቱ ከቦታው ከተንሸራተተ እግሯ አጥሮ ይቀራል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ታነክሳለች። እናቴ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው፤ ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። ከቤተሰባችን ጎንደር ውስጥ ማደሪያ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማደሪያ የምለው አንድ ክፍል ነው። ከአራዳ ቁልቁል ወረድ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ የተከራየሁት የጭቃ ቤት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ መስኮት። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ካቆምኩ በኋላ ነው ወደ ከተማ የመጣሁት። አራዳ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ እጠልፋለሁ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ደንበኛ ሲገባ አንገቴን ወደ ጥልፉ እደፋለሁ። የሱቁ ባለቤት፣ ጋሼ የምላቸው፣ «ይቺ ልጅ ከሰው ይልቅ ከመርፌ ጋር ታወራለች» እያሉ ይስቁብኛል።

እናቴ ከአንድ ሳምንት በላይ መቆየት አልቻለችም። ጡት የሚጠባ ልጅ አዝላ ነበር የመጣችው፤ ቤት ደግሞ የሚታለቡ ላሞች አሉ። ስትሄድ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አደራሽን። እንዳትነሳ።»

በሄደች በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ የአከራዬን ጩኸት ከግቢው በር ሰማሁት። ሮጬ ስገባ እህቴ ግማሽ ሰውነቷ ከአልጋው ወርዶ፣ በክርኗ ሳጥኑን ተደግፋ ተንጠልጥላለች። እትዬ የምላቸው አከራዬ ብብቷን ይዘው እያቃሰቱ ነበር።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አልኳት አልጋው ላይ ከመለስናት በኋላ።

«ወደ ቤቴ ልሄድ ነዋ!»

«በምን እግርሽ?»

«በደህናው።»

ጀሶው ወገቧ ላይ ጫፉ ተሸርፎ ነበር። የወደቀውን ነጭ ፍርፋሪ ከወለሉ ለቅሜ በእጄ ይዤ ብዙ ቆየሁ። አንድ ጣት የምታህል ነበረች። ትንሽ ዝቅ ብላ ጭኗ ጋ ብትሰነጠቅ ኖሮ እያልኩ አሰብኩ። ቀን ቀን ብቻዋን ልተዋት እንደማልችል ያኔ ገባኝ።

ሥራውን ቤት ወስጄ እንድሠራ ጋሼን መለመን ነበረብኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። በመጨረሻ ወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛቸው ላይ፣ ከመቀሱ ሥር አስቀመጥኩት። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሱቅ ለሞላው ሰው ጮክ ብለው አነበቡት።

«‹ጋሼ፣ እህቴ አልጋ ላይ ስለሆነች ጥልፉን ቤት ወስጄ ልሥራ። ሥራው አይበላሽም።› ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«እዚህ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠሽ ደብዳቤ ትልኪልኛለሽ?» ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ግን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ውሰጂ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አምጪ» አሉ።

እንዲህ ሆኜ ከእህቴ ጋር ቀኑን ሙሉ መዋል ጀመርኩ። እሷ ከላይ ከላዩን፣ እኔ ከታች ከታቹን እናያለን። እኔ የማየው ጥልፌን ነው። እሷ የምታየው ጣራውን ነበር።

በእኛ ግቢ ኮርኒስ የምንለው የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፋፍቶ በምስማር የተመታ ነው። ከአልጋዬ በላይ ግን በሰፊው ተቀዶ ስለነበር ቆርቆሮው ይታያል። ቆርቆሮው ሌላ ቤት ላይ የኖረ አሮጌ ነው፤ የድሮ ምስማሮቹ ቀዳዳ ሁሉ እንዳለ ቀርቷል። ቀን ፀሐይ ስትበረታ በየቀዳዳው ብርሃን ትገባለች። ሦስት ዓመት እዚያ ክፍል ውስጥ ስኖር እነዚያን ቀዳዳዎች አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየኋቸውም።

«እታለም» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ያቺ ብቻዋን ያለችው ቤታችን ናት።»

«የቷ?»

«ያቺ ኮከብ። ከጎኗ ተጠጋግተው ያሉት ሦስቱ ደግሞ የአያ ቤቶች።»

አያ የምንላቸው የአባታችንን ታላቅ ወንድም ነው።

«በቀን ኮከብ አየሽ?»

«አንቺ ቆመሽ ምን ይታይሻል? ነይ ተኚና እዪ።»

ጥልፌን አስቀምጬ ከጎኗ ጋደም አልኩ። እውነቷን ነበር። በጨለማው ቆርቆሮ ላይ ሰላሳ ያህል ብርሃን ተበትነዋል፤ አንዳንዶቹ ተጠጋግተው፣ አንዳንዶቹ ለብቻቸው፣ ልክ ማዶ ተሁኖ ሲታይ የእኛ አገር ቤቶች እንደሚበታተኑት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለመነሳት ማውራት ተወች። ጠዋት ፀሐይ እስክትበረታ ትጠብቃለች፤ ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከኮከብ ኮከብ ትሄዳለች። «አሁን ምንጩ ጋ ደረስኩ» ትለኛለች። «አሁን ውሻቸውን ፈርቼ በላይ በኩል ዞርኩ።»

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ከዚያ ክረምቱ ሲቃረብ እትዬ ጣራውን የሚደፍን ሰው አመጡ። አንድ ጠዋት ከላያችን ኮቴ ሰማን፤ የሬንጅ ሽታ ገባ፤ ኮከቦቹም አንድ በአንድ ጠፉ። የመጨረሻዋ ቀዳዳ ስትደፈን «ቤታችንን ደፈኗት» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ምሳ አልበላችም። ወደ ማታ አካባቢ ከነጠላው ሥር ሆና ተናገረችኝ።

«ከነገ ወዲያ እነሳለሁ።»

ስታለቅስ አውቃታለሁ፤ ስትቆጣም አውቃታለሁ። ያን ቀን ግን ድምጿ የተረጋጋ ነበር። የፈራሁት ያንን ነው። ገና አምስት ሳምንት ያህል ይቀራት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እትዬን እንዲጠብቁልኝ ለምኜ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ወረቀት አልያዝኩም። ለሙሽራ ካባ ገበር ከተቆረጠው የተረፈ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ጥግ ላይ ተከምሮ እንደነበር አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ ያን ብጥስጣሽ ይስጡኝ።»

«ምን ልትሠሪበት?»

«ሰማይ።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ለሰማይም ገበር ያስፈልገዋል በይኛ! በይ ውሰጂው፤ አፍሽን ስለከፈትሽ ነው የምሰጥሽ።»

ከብጥስጣሹ ሁለት ረጃጅም ቁራጮች መረጥኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ነጭና ቢጫ ክር አለኝ፤ ከቀሚስ የረገፉ ፈርጦች አሉኝ። ኮከቦቹን ጠልፌ፣ ሁለቱን ጨርቅ አጋጥሜ፣ በተቀደደው ኮርኒስ ቦታ እመታዋለሁ። ለእህቴ ስነግራት ነጠላውን ከፊቷ አነሳች።

«የቆርቆሮው ዓይነት እንዳይሆን» አለች። «እሱ ዝም ብሎ የተበሳ ነው። ይሄኛው በልኩ ይሁን።»

ሕግ አወጣን። አንዳችን በእግራችን ያልረገጥነው ቦታ ኮከብ አይሆንም። ሰው የሚበዛበት ቦታ ትልቅ ኮከብ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ፣ መካነ ብርሃን ገበያ ከሁሉም የበለጠ፣ በቢጫ ክር። ገደሉ ባለበት ምንም አይጠለፍም፣ ጨለማ ይሁን። ርቀቱ ደግሞ በእግር መንገድ ይለካል፤ የአንድ ሰዓት መንገድ አንድ ስንዝር። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ሰሌዳ ላይ ካርታ ሲስል መለኪያ እንደሚያስፈልገው ነግሮን ነበር። እኔ የማውቀው መለኪያ ይሄ ነው።

ሥራውን ተካፈልን። ከቤታችን ወደ ገበያው የሚወርደው መንገድ የሁለቱ ጨርቆች መገጣጠሚያ እንዲሆን ወሰንን። ከመንገዱ በስተግራ ያለውን አገር እሷ፣ በስተቀኝ ያለውን እኔ። እሷ ጨርቁን ደረቷ ላይ ዘርግታ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች፤ እኔ ወለሉ ላይ። እርስ በርስ እንዳንተያይ አለችኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ፈተና መሰላት። ምልክቷን ስትጨርስ የእሷንም የእኔንም እኔው ጠለፍኩ። ስድስት ቀን ፈጀብኝ።

ለማጋጠም ቁጭ ስል የቤታችንን ኮከብ ከቤታችን ኮከብ ጋር አገናኝቼ በመርፌ ያዝኩ፤ ከዚያ መንገዱን ተከትዬ ወረድኩ። ገበያው ጋ ስደርስ የእሷ ገበያ በሁለት ስንዝር ተኩል ላይ ነው። የእኔው አራት ስንዝር ላይ ቁጭ ብሏል።

«ምን አድርገሽ ነው?» አልኳት። «መካነ ብርሃን አራት ሰዓት ነው!»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ነው!»

«አራት ሰዓት ነው፤ ስንቴ የተመላለስኩበትን!»

«እኔስ? ባለፈው ሄጄ የለም?»

«ባለፈው መች ደረስሽ? መንገድ ላይ ነው የወደቅሽው።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙን ነበርና «ኪሎ ሜትር የሚባል ነገር አለ እኮ፤ ምነው ሰውን ብትጠይቁ» አሉ። እኔ ግን ጨርቁን እንደያዝኩ አስብ ነበር። ገበያ ስሄድ ባዶ እጄን፣ ቁልቁለቱን እየሮጥኩ ነው፤ እሱን አላስታውሰውም። የማስታውሰው መመለሻውን ነው፤ ጨው ወይም የተገዛ እህል ተሸክሜ፣ ዳገቱን እያረፍኩ። እሷ ደግሞ ሁልጊዜ የምትናፍቀው መሄጃውን ነው። እኔ ዳገቱን ነበር የሰፋሁት፤ እሷ ቁልቁለቱን።

«ሁለታችንም ልክ ነን» አልኩ።

«ታዲያ አንዱን ልትፈቺ ነው?»

«አልፈታም።»

ስድስት ቀን የተጠለፈ ሥራ አይፈታም። ደግሞስ የቱን ልፍታ? መንገዱን ቁልቁል ብቻ ወይም ዳገት ብቻ የሚሄድበት ሰው የለም። ልብስ ሰፊ ቤት ስውል ረጅም ጨርቅ ከአጭር ጋር እንዴት እንደሚጋጠም አውቃለሁ፤ ትርፉ እየተሰበሰበ ይሸነሸናል። የእኔን ጠርዝ እንደ ሽንሽን ቀሚስ እየሰበሰብኩ ከእሷ ጠርዝ ጋር ሰፋሁት። ገበያው ከገበያው ጋር ገጠመ። ትርፉ ጨርቅ ግን የትም አልሄደም፤ መንገዱ ዳር ዳሩን ተቆልሎ ቆመ።

እህቴ ጣቷን በሽንሽኑ ላይ አሳለፈች። «ተራራው ወጣ!» አለች። «ሸጋ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ስም ማውጣቱ የእሷ ሆነ። ኮከቦቹን በቀጭን ክር እያያያዝን ቅርጽ ሰጠናቸው። እሷን በቃሬዛ የተሸከሙትን የአራቱን ጎረቤቶች ቤት አያይዘን ቃሬዛ አልነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሮ የጎበጡት አምስቱ ቀንበር ሆኑ። አህያዋም ትግባ አለች፤ ግን በጀርባዋ ተኝታ፣ አራት እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ። «ትየው እሷም!» አለች። ጎንደርን የት እንደምናደርጋት ግን ተቸገርን። እኔ የመጣሁት በአውቶብስ ነው፤ እሷ ደግሞ ተኝታ፣ ምንም ሳታይ፤ መንገዱን በእግራችን አልለካነውም። ሕጉ ሕግ ስለሆነ ጎንደርን ከጨርቁ ጥግ በአንዲት ቀይ ፈርጥ አስቀመጥናት። በእግሬ የማውቃትን፣ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን ወለቃን ከአጠገቧ አድርጌ ሁለቱን በክር አያያዝኳቸው። ከእነሱና ከእኛ አገር መካከል ያለው ባዶ ቀረ።

እትዬ ከቤታቸው ያመጡትን ወንበር ይዘውልኝ ጨርቁን ከአልጋው በላይ መታሁት። «ቤቴን የሙሽራ ቤት አደረጋችሁት» አሉ። ሽንሽኑ ቁልቁል ተንጠለጠለ፤ ተራሮቹ ወደ እህቴ ፊት ወረዱ። እሷም እንደገና መንገዷን ጀመረች።

አያ የመጡት በሰኔ ነው። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። እህቴን ግንባሯን ሳሟት፤ ከዚያ ጀሶውን በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«በዚህ ውስጥ ነው ልጅቱን የቀበራችኋት?»

«ሐኪሙ ነው አያ» አልኩ።

«ሐኪም ምን ያውቃል? አጥንት አየር ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ወጌሻ አለ፤ ስንቱን አቃንቶ ሰዷል። ከአባትሽ ጋር ተነጋግረናል። ነገ በጠዋት የምትነሳ ማኪና አግኝቻለሁ፤ ከኋላ ፍራሽ ይነጠፍላታል።»

«እሄዳለሁ!» ብላ ጮኸች እህቴ። «እሄዳለሁ አያ!»

ጩኸቷ ውስጤ ገባ። አንድ ወር ሙሉ ያጠብኳት፣ ያበላኋት፣ ሰማይ የሰፋሁላት ልጅ ወደ እኔ እንኳን አላየችም። ሦስት ሳምንት ይቀራት ነበር። በዚያ መንገድ ላይ መኪና እንዴት እንደሚያንገጫግጭ አውቀዋለሁ። አፌ ግን እንደ ልማዱ ተዘጋ። ለአያ መልስ የሚሰጥ ሰው ቤታችን ውስጥ የለም፤ አባታችን እንኳን ከእሳቸው በኋላ ነው የሚናገረው። ውሃ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ።

«አያ፣ ቤትዎን ላሳይዎት?» አለች እህቴ።

«የምን ቤቴን?»

«ሰማይ ላይ አለ። ቆመው አይታይም፤ ይተኙ።»

«እኔ? መሬት ላይ?»

«ምነው፣ ያፍራሉ?»

ሳቁ። ሰሌኑን ከአልጋው ጎን አነጠፍኩላቸው፤ ጋቢያቸውን አጥፈው ተንተርሰው ተጋደሙ። እህቴ ከላይ ትመራቸዋለች። ቃሬዛውን አገኙት። አህያዋን ሲያዩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የተሸነሸነውን ዳገት አይተው «ይሄስ እውነት ነው፤ እዚህች ላይ ነው ትንፋሽ የሚያጥረው» አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ቤት ፈለጉ፤ በግራ እጃቸው ወዲያና ወዲህ እየጠቆሙ።

«እነዚህ ሦስቱ ናቸው የእኔ ቤቶች?»

«አዎን አያ።»

«ጠዋት ፀሐይ እዚህ ቤት በየት ትገባለች?»

«በመስኮቱ።»

«እንዲያ ከሆነ ምነው ቤቴን በግድግዳው በኩል አደረጋችሁት? በዚያ አገር ፀሐይ ቀድማ የምታየው የእኔን ደጃፍ ነው። ወደ መጥለቂያዋ ወስዳችሁ ጣላችሁኝ!»

ቀና ብዬ አየሁ። እውነት ነው። ጨርቁን የጠለፍኩት ወለል ላይ ዘርግቼ፣ አገሩን ከላይ እንደሚያይ አሞራ ነው። ገጹን ቁልቁል አድርጌ ስሰቅለው ምሥራቁ ወደ ምዕራብ ዞሯል። ጀማሪ ሰፊ ጨርቁን ሳይገለብጥ ሁለት የቀኝ እጅጌ እንደሚቆርጠው ነው ያደረግሁት፤ ያውም ሦስት ዓመት ሙሉ መቀስ ሥር የዋልኩ ልጅ።

«ሰማይ ነው እኮ አያ፣ መሬት አይደለም» አለች እህቴ።

«ሰማይም ቢሆን ድንበር አለው!»

እነሱ ሲከራከሩ እኔ እጃቸውን ማየት ጀመርኩ። አያ የሚጠቁሙት በግራቸው ብቻ ነው። ቀኝ እጃቸው ክርኑ ላይ እንደታጠፈ ደረታቸው ላይ ተቀምጧል። በጎረምሳነታቸው በሬ ጥሏቸው ተሰብሮ፣ ወጌሻ አስሮት፣ እንደታጠፈ ደርቆ የቀረ እጅ ነው። ከተወለድኩ ጀምሮ የማየው እጅ ስለሆነ የአያ እጅ እንዲያ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር።

ተነስተው ተቀመጡና ጋቢያቸውን አራገፉ። «በሉ እንግዲህ፣ ዕቃዋን ሸክፊ፤ በጠዋት ነው።»

«አትሄድም» አልኩ።

«ምን አልሽ?» የምር አልሰሙኝም ነበር።

«አትሄድም አያ።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

እህቴ «እሄዳለሁ!» አለች። አያ ዱላቸውን አነሱ። «ልጅቱ እሄዳለሁ አለች፣ አባቷ ትምጣ አለ፣ እኔ መጣሁ። አንቺ ደግሞ ማን ሆነሽ ነው?»

ከዚያ በፊት ያልተናገርኩትን፣ ከዚያ ወዲህም ለሰው ያልደገምኩትን ነገር ተናገርኩ።

«አያ፣ ቤትዎን በቀኝ እጅዎ ያሳዩኝ።»

እትዬ በሩ ላይ ነበሩ፤ መቀነታቸውን ሲጨብጡ አየሁ። አያ ቀኝ እጃቸውን አላነሱም። ወደ እኔም አላዩም። ቀና ብለው ጨርቁን አዩት፤ ከዚያ የእህቴን ጀሶ አዩት።

«ከተማ አፍ ሰጠሽ» አሉ ቀስ ብለው። ጎንበስ ብለው ወጡ። ሳይመርቁን ነው የወጡት። ያን ሌሊት ዘመድ ቤት አድረው በጠዋት ብቻቸውን ሄዱ።

ከዚያ የመጣው ከባድ ነበር። አባቴ ደወለ። «አያን አዋረድሽው አሉ?» አለኝ። «አዎን» አልኩ። ከዚህ ሌላ የምለው አልነበረኝም፤ አዋርጃቸዋለሁ። ቀጥሎ «እግሯስ?» አለ። «አልተነሳችም» አልኩት። «እንግዲያ ያዢያት» ብሎ ዘጋው።

እህቴ ሦስት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ሳበላት ትበላለች፤ ሳጥባት ዝም ትላለች። አላባበልኳትም። ጥልፌን ይዤ እግሯ ጋ፣ መውረጃዋን ዘግቼ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን፣ ፊቷን ሳታዞር፣

«ስንት ቀን ቀረኝ?» አለች።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ያ ባዶው ነገር» አለች፤ «በጎንደርና በቤታችን መሀል ያለው።»

«እ?»

«በእግራችን አልሄድንበትም። ተኝቼ እሄድበታለሁ። ለአንድ ቀን አንድ ኮከብ ስፊልኝ።»

ጨርቁን ካወረድኩት ሽንሽኑ ይበላሻል። ስለዚህ በየቀኑ ወንበር ላይ እየቆምኩ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ ከላይ አንድ ነጭ ኮከብ እጠልፍላት ነበር። ክንዴ ይዝላል፤ ክሩ ዓይኔ ላይ ይወድቃል። እሷ ከታች ታዛለች፤ «ወደ ግራ፤ አይ፣ አበዛሽው፤ እዚያ ጋ ዳገት ይኖራል።» ያንን አገር ማናችንም አናውቀውም። የተኛችበት ቀን ብዛት ብቻ ነው መለኪያው። ጀርባዋ የቆሰለ ቀን ኮከቡን ራቅ አድርጊው ትላለች፤ ቀኑ ረዘመ ለማለት ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስለምትወድ የዝናብ ቀኖቹን አጠጋጋን። የአያን ቤቶች ልፍታቸውና ወደ ፀሐይ መውጫ ልመልሳቸው ስላት እንቢ አለች። «ሁሉም ነው የዞረው፤ እሳቸውን ብቻ ከመለስሽ ከጎረቤት ይለያያሉ።»

አሥራ ዘጠነኛው ኮከብ ከቤታችን አንድ ስንዝር ላይ ቀረ። ቀኑ አልቆ መንገዱ አላለቀም። ላስጠጋው ብላት አልፈቀደችም፤ ባለበት ተውነው።

በሐምሌ ሁለት ሰዎች ይዘውልን ሆስፒታል ሄድን። ጀሶ የሚቆርጠው ማሽን ሲጮህ እህቴ ቀሚሴን በጥርሷ ያዘች። ከውስጥ የወጣው እግር የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ቀጭን፣ ገርጥቶ ቆዳው የሚረግፍ። ሐኪሙ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አስተኝቶ በሜትር ለካ። ሜትር ማንበብ ሥራዬ ስለሆነ እሱ ሳይናገር ከትከሻው በላይ አይቼ አነበብኩት። የግማሽ ጣት ውፍረት ያህል ልዩነት ነበረው።

«ይሄ ምንም ማለት አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ስታድግ ይስተካከላል። አጥንቱ ቀጥ ብሎ ገጥሟል። ማን ነው ያስታመማት?»

በፊት ቢሆን አንገቴን እደፋ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«እንግዲያ አሁን ልቀቂያት። ትቁም።»

እህቴ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ሁለት እግሯን አንጠልጥላ ወለሉን አየችው። «ሩቅ ነው» አለች። እጇን ዘረጋችልኝ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀብኝ፤ እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ እርስ በርስ ያዝኳቸው።

«ምነው አትይዥኝም?»

«ውረጂ።»

«እወድቃለሁ እኮ!»

«ከወደቅሽ አነሳሻለሁ። ውረጂ።»

ሰደበችኝ። ሐኪሙ ፊት፣ ከአህያዋ አስተካክላ ሰደበችኝ። ከዚያ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ቀኟን አስቀደመች፤ ግራዋን ቀስ ብላ አስከተለች። ቀጭኑ እግር ሲንቀጠቀጥ ጉልበቷ ድረስ ይታየኝ ነበር። ከንፈሯን ነክሳ አንድ እጇን ከብረቱ ለቀቀች፤ ቆየችና ሁለተኛውንም ለቀቀች።